ሞተሩ ደኅና ነበር

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ጡረታ የወጡ የጤና መኮንን ኮምቦልቻ ወዳለው ጋራዤ መጡ። ያረጀች መኪናቸውን በር ላይ አቁመው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡና፣ «ወንድሜ፣ ሦስት ቦታ ሄድኩ። ሦስቱም ሞተሩ ወርዶ መታደስ አለበት አሉኝ» አሉ።

«ለክተው ነው?» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ሞተሩን። መለኪያ አስገብተው አይተውታል?»

«ኧረ አላዩም። ድምፁን ሰምተው ነው።»

ድምፁን ሰምተው ነው። ይህን ስሰማ ከአንገቴ ሥር የጀመረ ሙቀት እስከ ጆሮዬ ወጣ። የያዝኩትን ጨርቅ ወርውሬ፣ «ድምፅ ሰምቶ የሰው ሞተር የሚፈታ ሐኪም ቢሆን ኖሮ ስንቱን ገድሎ ነበር» አልኩ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ። ሰውዬው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ምንም አላጠፉም። ይቅርታ ጠይቄ ወንበር ሰጠኋቸው፣ ሻይም አስመጣሁላቸው፤ ንዴቱ ግን እስኪመሽ አልለቀቀኝም። የእሳቸው ጉዳይ አልነበረም። ሃያ ዓመት ያለፈው ነገር ነው፤ እስካሁን አልበረደልኝም።

ያን ጊዜ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ዶሃ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ሙዓይዘር በሚባል ሠፈር በአንድ ትልቅ ቪላ የቤት ሾፌር ሆኜ እሠራ ነበር። ኢቃማዬ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ላይ «የግል ሾፌር» ተብሎ ተጽፏል፤ ስለዚህ ሾፌር ነበርኩ። ከዚያ በፊት እዚሁ ኮምቦልቻ በጋሽ ተካ ጋራዥ ስድስት ዓመት ሙሉ ሞተር ሳወርድና ስሰቅል መኖሬን ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም። ሰው አገር ስትሄድ ግማሹን ማንነትህን ቤትህ ትተህ ነው የምትሄደው፤ የተቀረው ግማሽ ደግሞ ወረቀት ላይ የተጻፈው ነው።

የቤቱን ባለቤት እንደ ሁሉም ሰው ባባ እንለው ነበር። ወደ ሰባ የተጠጋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ የጸሎት ሰዓት የማያሳልፍ ሰው ነበር። ደግ ሰው ነበር እላለሁ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ረግሜው እረሳው ነበር። በዐረብኛ አንተና አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ ስናወራ እንደ እኩያዬ «አንተ» ነበር የምለው። መጀመሪያ ላይ አፌ እምቢ ይለኝ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት። በዚያ ቤት ውስጥ እኩል የሆንበት ቦታ ያ ብቻ ነበር።

ባባ አንዲት አሮጌ የስፖርት መኪና ነበረችው። ቀይ፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ። በወጣትነቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሆነው የገዟት ናት። ወንድሙ ከሞተ ቆይቷል። በክረምት፣ ማለት በእነሱ ቀዝቃዛ ወራት፣ ዓርብ ጠዋት ከፀሐይ ጋር ወጥቶ በሳልዋ መንገድ ጥቂት ይነዳትና መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ሻይ ቤት ይቆማል። አንዳንዴ እኔን አጠገቡ ያስቀምጠኝ ነበር። ወተት የበዛበት ካረክ ሻይ በወረቀት ኩባያ፣ ከእሱ ጋር ትኩስ ፓራታ ቂጣ በቺዝ ተጠቅልሎ ይመጣልናል። ባባ እየበላ ስለ ወንድሙ ያወራል፤ እኔ የሞተሩን ድምፅ እሰማለሁ። ድምፁ የጠገበች ድመት ዓይነት ነበር። ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንንም መካድ አልችልም።

ባባ በሌለበት ጊዜ መኪናዋን በሳምንት አንድ ጠዋት አስነስቼ፣ አሙቄ፣ ዘይቷን አይቼ፣ መልሼ በጨርቅ እንድሸፍናት ታዝዤ ነበር። ቁልፏ እኔ ጋ ነበር። አንድ በጋ ላይ ባባ ለልብ ሕክምና ወደ ውጭ ሄደ። ቤቱ ለሚስቱ ለማዳምና ለመጨረሻ ልጃቸው ለናስር ቀረ። ናስር ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቀን ተኝቶ ማታ የሚነሳ፣ ከሰው ጋር ሲያወራ ከስልኩ ዓይኑን የማያነሳ ልጅ ነው።

ነሐሴ ላይ ማዳምን አል ሰድ ወዳለው ክሊኒክ አድርሼ ስመለስ የቀይዋ መኪና ልብስ በማላውቀው አኳኋን ታስሮ አገኘሁት። የጎማዎቿ ጥርስ ውስጥ አሸዋ አለ። እጄን ሞተሩ ላይ ሳሳርፍ ገና አልበረደም። ቁልፉ ከክፍሌ ተወስዶ ተመልሷል።

ትርንጎን ጠየቅኳት። ትርንጎ የቤት ሠራተኛዋ ናት። የደንበጫ ሴት፣ ሠላሳን ያለፈች፣ ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ትታ የመጣች። በሃይማኖት ብንለያይም በዚያ ቤት አማርኛ የምንናገር ሁለታችን ብቻ ነበርን። የስልክ ካርድ እገዛላታለሁ፤ እሷ ማዳም ሳታይ ምሳዬ ላይ ሥጋ ትጨምርልኛለች።

«ናስር ነው የወሰዳት» አለችኝ። «ከጓደኛው ጋር ነበር። በሩን ክፈቺ አለኝ፣ ከፈትኩ። ዝም በል ሰይድ፣ አደራ።»

ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ፈራሁ። አንድ ነገር ሆና ከሆነ በእኔ እጅ ሳለች እንዲታይ አልፈለግኩም። በየሳምንቱ ማስነሳቱን ተውኩት። መኪናዋ ስድስት ሳምንት እንደተሸፈነች ቆመች።

መስከረም ሲያልቅ ባባ ተመለሰ። በእነሱ አቆጣጠር ሱሄል የሚሉት ኮከብ ከወጣ በኋላ ሙቀቱ ይሰበራል ይላሉ፤ በእርግጥም ጠዋት ጠዋት ነፋስ መንፈስ ጀምሮ ነበር። በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ «ያላ፣ ልጅቷን እንያት» ብሎ ልብሷን ራሱ ገለጠ። አስነሳት። ከጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ ጭስ እየተትጎለጎለ ወጥቶ የመኪና መጠለያውን ሞላው። ከጭሱ ጋር ታክ ታክ ታክ የሚል፣ ብረት በብረት የሚመታ የሚመስል ድምፅ። ባባ ደንግጦ ወዲያው አጠፋት። 

እንድትነዳ አልፈቀደም። የጭነት መኪና ጠርቶ አስጫናትና ሰናዒያ፣ ማለት ጋራዦቹ ወዳሉበት ሠፈር፣ ወሰድናት። የጋራዡ ባለቤት አቡ ሰሚር ይባላል፤ የአሮጌ መኪና አዋቂ ነው እየተባለ ትልልቅ ሰዎች የሚሄዱበት ነው። አቡ ሰሚር እጁን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ አስነሷት አለ። ጨሰች፣ ታክ ታክ አለች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በእጁ ምልክት አስጠፋት።

«ኸላስ፣ በቃ» አለ። «ሞተሩ አልቆለታል። ወርዶ ከሥር እስከ ላይ መታደስ አለበት። ያለ ዘይት ተነድቷል።»

የዘይት መለኪያ ዘንጓን እንኳ መዝዞ አላየም። እኔ ግን ጠዋት አይቼዋለሁ፤ ዘይቷ ሙሉ ነበር፣ ንጹሕም ነበር።

ባባ ቀስ ብሎ፣ «ማን ነዳት?» አለ።

አቡ ሰሚር ወደ እኔ ተመለከተ። አልተናገረም፤ ተመለከተ ብቻ። የሠራተኞቹም ዓይን ተከተለው።

«እኔ አልነዳኋትም ባባ» አልኩ። ናስር የሚለው ስም እስከ ጥርሴ ደርሶ ተመለሰ። ፓስፖርቴ በባባ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ልጁ ደግሞ ልጁ ነው።

ባባ ቢሮ ውስጥ ሻይ ሲጋበዝ የእኛው አገር ሰው ይማም ከጎማ ክምር ጀርባ ጠቀሰኝ። ይማም የሐይቅ ልጅ ነው፤ በዚያ ጋራዥ ሞተር ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቷል። «ወላሂ ሰይድ፣ ይሄ ሞተር ምንም አልሆነም» አለኝ ጆሮዬ ሥር። «አሮጌ መኪና ያለው ሽማግሌ ሲመጣ ሁሌም ይኸው ነው። ሞተሩን ያወርደዋል፣ ያጥበዋል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ አንድ ሁለት ላስቲክ ይቀይራል፣ ይሰቅለዋል። አዲስ ሆነ ይባላል።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«አንተ ለምን አልተናገርክም?» አለኝ። ከዚያ በቅባት ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ ጣለ። የሞተር ግፊት መለኪያ ነበር። «ጋሽ ተካ ካስተማረህ አልረሳኸውም። እስከ ቅዳሜ ማታ መልስልኝ። ከየት አገኘህ ካሉህ አታውቀኝም።»

አቡ ሰሚር መኪናዋ እዚያው እንድትቀር ፈልጎ ነበር። ባባ እምቢ አለ፤ ልቡ አልችል ብሎት ይመስለኛል። ቅዳሜ ቀትር ላይ አቡ ሰሚር የራሱን የጭነት መኪና ልኮ ሊወስዳት ተስማሙ። ቤት ስንገባ ናስር ሳሎን በር ላይ ቆሞ ነበር። ባባ፣ «መኪናዋን ነክተሃል?» ብሎ ጠየቀው።

«እኔ? ቁልፉ ያለው እሱ ጋ አይደል እንዴ» አለ፣ ከስልኩ ዓይኑን ሳያነሳ።

ባባ መዳፉን ዘረጋልኝ። ማዳም እያየች፣ ትርንጎ እያየች፣ አትክልተኛው እያየ ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «የወንድሜ መኪና ነበረች» ብቻ ብሎ ገባ።

ያን ቀን የተሰማኝን ቁጣ ዛሬም በአፌ አጣጥመዋለሁ፤ የሳንቲም ጣዕም አለው። ሦስት ዓመት የልጅ ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ሚስቱን ሐኪም ቤት፣ እሱን መስጊድ አድርሻለሁ። አንድም ቀን አላረፈድኩም። የእኔ ሦስት ዓመት ከአንድ ባለ ጋራዥ ሁለት ደቂቃ በታች ሆነ። ናስር ዋሸ፤ እሺ፣ ልጅ ነው፣ ፈርቶ ነው። አባትየው ግን ሳይመዝን አመነው።

በማግስቱ ዓርብ ትርንጎን ከወጥ ቤቱ ጀርባ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። ጾም ስለነበር ድንጋዩ ላይ ቁርሷ ተቀምጧል፤ አንድ ኩብስ ዳቦና የተቆረጠ ቲማቲም።

«ትርንጎ፣ ለባባ ንገሪው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ናስር እንደወሰዳት። በሩን የከፈትሽው አንቺ ነሽ።»

አንሶላውን ማስጣቷን አላቆመችም። «አንተ ራስህ ለምን አልነገርከውም?»

«እኔ ብናገር ራሱን ሊያድን ነው ይላል። አንቺ ብትናገሪ ያምናል።»

«ሰይድ፣ አንተ ወንድ ነህ፣ መንጃ ፈቃድ አለህ። ከዚህ ቢያስወጡህ የሚፈልግህ አታጣም። እኔን ማዳም ከጠመደችኝ መሄጃዬ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ልጄ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት።»

እውነቷን ነበር። እውነቷን እንደሆነ እያወቅኩ፣ «ዝም ካልሽ ከእነሱ በምን ትለያለሽ?» አልኳት።

አንሶላውን ለቀቀችና አየችኝ። ፊቷ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ድካም ነበር። «ዛሬ ጾም ነው» አለች። «አታናግረኝ።» ቁርሷን ሳትነካ ባዶውን የልብስ ቅርጫት ይዛ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ባባ መጅሊሱ፣ ማለት የእንግዳ መቀበያው፣ ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሳለ ገባሁ። ተምርና ውኃ ከፊቱ ነበር። ቆሜ፣ «ነገ አቡ ሰሚር ከመምጣቱ በፊት አንድ ጠዋት ስጠኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«ሞተሩን ልለካው።»

«አንተ ሾፌር ነህ።»

«ሾፌር ከመሆኔ በፊት ስድስት ዓመት መካኒክ ነበርኩ።»

 «አልነገርከኝም» አለ።

«አልጠየቅከኝም።»

ይህን የተናገርኩበት ድምፅ ለአሠሪ የሚባል አልነበረም። ባባ ግን አንድ ተምር በልቶ ፍሬውን ከአፉ አወጣና፣ «ከሱብሂ ሶላት በኋላ» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ወደ ብርሃን ገፍተን አወጣናት። ባባ የፕላስቲክ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። ማዳም በወጥ ቤቱ በር መስታወት በኩል ትታያለች። ናስርም፣ ያን ያህል ማልዶ ተነስቶ አይቼው አላውቅም፣ በእንቅልፍ ልብሱ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ቁልፉን ባባ ራሱ አዞረው። እንደገና ያ ሰማያዊ ጭስ፣ እንደገና ታክ ታክ ታክ።

«አታጥፋት» አልኩት። «ተዋት ትሙቅ። ስማው።»

ጋሽ ተካ ያስተማረኝ ቀላል ነገር ነው። ከውስጥ የተጎዳ ሞተር ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥንና መንኳኳቱ ይብሳል። ሲሞቅ የሚቀንስ ድምፅ ግን ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። ረጅሙን ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ማዳመጥ ጀመርኩ።

ይህን ጊዜ ናስር ሳቀ። «ባባ፣ ምን ያሳይሃል? ያለቀለት ሞተር ነው። ነሐሴ ላይ ሰይድ ባሕሩ ዳር ኮርኒሽ ላይ ሲነዳት ጓደኞቼ አይተውታል።»

ካቻቢቴውን ከጆሮዬ አነሳሁ።  ትርንጎ የባባን ሻይ ይዛ እየመጣች ነበር፤ ቀና ብዬ ወደ እሷ ተመለከትኩ። አልተናገርኩም፤ ተመለከትኩ ብቻ።

ትርንጎ ትሪውን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ በዚያች የወጥ ቤት ዐረብኛዋ፣ ቃል በቃል እየለየች፣ «ባባ፣ ሰይድ አልወሰደም። ናስር ነው የወሰደው። በሩን እኔ ከፈትኩ» አለች።

 ናስር ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ። የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና ማዳም፣ ሳትጮህ፣ «ትርንጎ፣ ግቢ» አለች። ትርንጎ ሻዩን እዚያው ትታ ገባች።

ባባ ወደ ልጁ አልዞረም። ወደ እኔም አልዞረም። መኪናዋን ብቻ ነበር የሚያየው። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ። ምን ላድርግ?

አሥር ደቂቃ ሲሆን ጭሱ ሳስቶ ሳስቶ ጠፋ። ታክ ታኩም ቀለል እያለ ሄዶ ሄዶ ቀረ። የዱሮዋ ድመት ተመለሰች። ባባን ጎንበስ ብሎ እንዲያይ ጠራሁትና የጭስ መውጫው ቧንቧ ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበትን ቦታ አሳየሁት፤ ሁለት ዳዶ ወልቆ ጠፍቷል። በርዶ ሳለ በክፍተቱ አየር እየወጣ ያንን ድምፅ ያሰማል፤ ብረቱ ሲሞቅ ሰፍቶ ይዘጋዋል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቼ ካንዴላዎቹን ሁሉ ፈታሁና የይማምን መለኪያ በየተራ እየገጠምኩ ባባ ቁልፉን እንዲያዞር አደረግኩ። የመጀመሪያው ላይ መርፌው ወጥቶ ቆመ። ሁለተኛው እዚያው ቆመ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። በእያንዳንዱ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሬ ደግሜ ለካሁ፤ የፒስተኑ ቀለበት አልቆ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ መርፌውን ከፍ ያደርገው ነበር። ከፍ አላለም።

«ሞተሩ ደኅና ነው» አልኩት። «ጭሱ ቆማ ስለከረመች ነው። ከላይ ቫልቮቹ ላይ ያሉት ትንንሽ ላስቲኮች ደርቀዋል፤ ስትቆም ዘይት ያንጠባጥባሉ። ሞተሩ ሳይወርድ ይቀየራሉ።»

ባባ ሳቀ። ከሕክምና ከመጣ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ግንባሬን ሳመኝ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በራሱ እጅ ሰጠኝና ለናስር፣ «አየህ? ደኅና ናት» አለው። ናስርም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ሰይድ፣ ማሻአላህ» ብሎ ሊተኛ ገባ።

በቃ። ይኸው ነው። ቀትር ላይ የአቡ ሰሚር የጭነት መኪና ሲመጣ ባባ ሾፌሩን ቡና አጠጥቶ፣ ለአቡ ሰሚር ሰላምታ ልኮ መለሰው። «ዋሽተሃል» የሚል መልእክት አልላከም። ናስርንም «ለምን ዋሸህ?» ያለው የለም። እኔንም «ተሳስቼ ነበር» ያለኝ የለም። ሞተሩ ደኅና ከሆነ የጠፋ ነገር የለም፤ የጠፋ ነገር ከሌለ አጥፊ አይፈለግም። ደስታቸው ሁሉንም ጠርጎ ወሰደው። ሳይጠረግ የቀረ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቤት ሠራተኛ፣ የቤቱን ልጅ በአባቱ ፊት ውሸታም ማድረጓ።

በሁለተኛው ሳምንት ማዳም ትርንጎን ሻንጣሽን አዘጋጂ አለቻት። ምክንያት አልተነገራትም። ባባ ዘንድ ሮጥኩ። ከልብ የሚወደኝ ሰው ሆኖ ነበር፤ አጠገቤ ተቀመጥ አለኝ። «እሷ እኮ እውነቱን ነው የተናገረችው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ?»

«የቤት ውስጥ ጉዳይ የማዳም ነው፣ ሰይድ። እኔ አልገባበትም።» ከዚያ ስለ ቫልቭ ላስቲኮቹ ጠየቀኝ። ከየት እንደሚመጡ፣ መቼ እንደምገጥማቸው። ልጮህበት ፈልጌ ነበር። «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ሳምንት» ብዬ ወጣሁ።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ የሾፌርነት ሥራዬ ነው። ከቀትር በኋላ ነበር። ዶሃ ያን ጊዜ መንገዷ ሁሉ ተቆፍሮ ስለነበር በየአደባባዩ እንቆማለን፣ የሲሚንቶ መኪና እናሳልፋለን። ሻንጣዋ በገመድ ታስሯል። ለልጇ የገዛችው የትምህርት ቤት ቦርሳ ጭኗ ላይ ነው። ረያንን አልፈን ትልቁ መንገድ ላይ ስንወጣ መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት።

«ሞተሩ ደኅና ነበር አሉ፣ አይደል?»

«አዎ፣ ደኅና ነበር።»

«በመለኪያ ነው ያወቅከው?»

«አዎ።»

«መለኪያው ዓርብ ዕለት አንተ ጋ ነበር?»

«ነበር» አልኩ።

ወደ መስኮቱ ዞረች። «ታዲያ እኔን ለምን አናገርከኝ?» አለች።

ማርሽ ቀይሬ ነዳሁ። መልሱን አውቀዋለሁ። ሞተሩ ደኅና ሆኖ መገኘቱ ብቻ አይበቃኝም ነበር፤ ናስር በአባቱ ፊት ሲዋረድ ማየት ፈልጌ ነበር። እኔ መዳፍ ላይ ቁልፍ ሳስቀምጥ እንዳዩኝ እሱንም እንዲያዩት። ለዚያ የራሴን አፍ መጠቀም ፈርቼ የእሷን አፍ ተጠቀምኩ። ይህን እዚያ መኪና ውስጥ መናገር ይገባኝ ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሻንጣዋን አወረድኩላት። «በርታ» አለችኝ፤ እኔን። ወደ ውስጥ ገባች።

እኔ ከዚያ በኋላም ዓመት ከመንፈቅ ኖርኩ። ላስቲኮቹን ቀየርኩ፣ ዳዶዎቹን አሰርኩ፤ ቀይዋ መኪና ቅንጣት ጭስ ሳታወጣ መሄድ ጀመረች። ባባ ለእንግዶቹ «ይህ ዶክተሬ ነው» እያለ ያስተዋውቀኝ ነበር። ዓርብ ጠዋት ካረክ እየጠጣን ስለ ወንድሙ ያወራኛል፤ እኔ ኩባያዬን ይዤ እሰማለሁ፤ ውስጤ ይቃጠላል። ትርንጎ በተወችልኝ የጎረቤቷ ሱቅ ስልክ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። አንድ ጊዜ ገበያ ሄዳለች አሉኝ። ሁለተኛው ጊዜ አልሠራም አለ። ሦስተኛ አልሞከርኩም። ደንበጫ ሩቅ አይደለም፤ አገሬ ከገባሁ በኋላ ለዕቃ ግዢ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ሁለት ጊዜ አልፌባታለሁ። አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ወርጄ አላውቅም።

የጤና መኮንኑን መኪና ለካሁላቸው፤ ሞተራቸው በእርግጥም ያለቀ ነበር፤ መውረድ አለበት። እነዚያ ሦስቱ ጋራዦች ሳይለኩ ቢናገሩም አልተሳሳቱም። የእኔ ንዴት ግን ለዚህ ግድ የለውም።

ይህን ታሪክ ለሠራተኞቼና ለደንበኞቼ ለዓመታት ተናግሬዋለሁ። ሁልጊዜ የምጨርሰው መርፌው ቆሞ፣ ባባ ስቆ ግንባሬን ሲስመኝ ላይ ነበር። ሰው ይወደዋል፤ ያጨበጭብልኛል። አንድ ቀን ባለቤቴ ዘይነባ ከጥግ ሆና ስትሰማ ቆየችና እንግዶቹ ሲሄዱ፣ «ሻይ ያመጣችው ሴትዮስ ምን ሆነች?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ምንም አልተቆጣችም። «እንግዲህ ሌላ ጊዜ ስትናገረው ከእሷ ጀምር» አለችኝ።

እሺ ብያት ነበር። ዛሬም እንደምታዩት የጀመርኩት ከሞተሩ ነው።